የአሜሪካ መራጭ ስለ ምን ይማረራል?

በአሜሪካ አገር በየአራት ዓመቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ይደረጋል። ምርጫው በደረሰ ቁጥር በራዲዮ የምንሰማው የሁለት ፓርቲዎችን ስም ነው። አንዱ የዴሞክራት ፓርቲ፣ ሌላው የሪፐብሊካን ፓርቲ ነው። ከ1853 ወዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ የሆነ ሰው በፕሬዚዳንትነት ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁን እንጂ በዚያው አገር ብዙ ሰው፣ «ሁለቱንም አልወድም» ይላል። በ2024 የበጋው ምርጫ ቅስቀሳ ከመጋሉ በፊት ፒው የሚባለው የጥናት ድርጅት ሕዝቡን ጠይቆ ነበር። በዚያን ጊዜ ይወዳደራሉ የተባሉት ጆ ባይደንና ዶናልድ ትራምፕ ነበሩ። ከተጠየቁት አሜሪካውያን ከአራቱ አንዱ ለሁለቱም ጥሩ አመለካከት እንደሌለው ተናገረ። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው፣ «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ይላል።

ታዲያ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም የማይወድ ሰው ስለ ምን ሦስተኛ አይመርጥም? ከ300 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ስለ ምን ሁልጊዜ ሁለት ብቻ ይቀርባል? መልሱ ያለው በሰዎቹ ጠባይ ብቻ አይደለም። ድምፁ በሚቆጠርበት ደንብ ውስጥም አለ። እስቲ ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

ለእኛ ምናችን ነው?

«የሩቅ አገር ምርጫ ለገበሬ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚፈርመው ወረቀት ባሕር ተሻግሮ የሰው ጎተራ ይነካል።

ኢትዮጵያ በዩ.ኤስ.ኤይድ በኩል ከአሜሪካ ብዙ እርዳታ ከሚያገኙ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። በድርቅና በጦርነት ጊዜ ስንዴ፣ ዘይትና መድኃኒት ይመጣ ነበር። ዶናልድ ትራምፕ ጥር 20 ቀን 2025 ሥልጣን በያዙበት ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆምና እንዲመረመር አዘዙ። ሐምሌ 1 ቀን 2025 ዩ.ኤስ.ኤይድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ሥራውን አቆመ።

ስንዴውን ይጠብቅ የነበረው ቤተሰብ በዚያ ምርጫ ድምፅ አልሰጠም። ድምፅ የሰጠው የአሜሪካ መራጭ ነው። ከመራጩም መካከል ወዶ የመረጠ አለ፤ ሌላውን ወገን ፈርቶ የመረጠም አለ። ስለዚህ ያ መራጭ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚመርጥ ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል።

ድምፅ እንዴት ይቆጠራል?

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና በምሳሌ እንጀምር።

አንድ 100 አባላት ያሉት የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ይመርጣል እንበል። ሦስት እጩዎች ቀረቡ። አንደኛው 40 ድምፅ አገኘ። ሁለተኛው 35 አገኘ። ሦስተኛው 25 አገኘ። ደንቡ «ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል» ስለሚል አንደኛው ሊቀ መንበር ሆነ። ልብ በሉ፤ 60 ሰዎች እርሱን አልመረጡትም። ግን አሸነፈ።

አሁን ደግሞ ሦስተኛውን የመረጡትን 25 ሰዎች እናስብ። እነዚህ ሰዎች አንደኛውን እጩ ፈጽሞ አይፈልጉትም። ሁለተኛውን ግን «ባይሆን እርሱ ይሻላል» ይላሉ። ምርጫው ካለቀ በኋላ እርስ በርሳቸው ይወቃቀሳሉ። «ድምፃችንን ለሁለተኛው ብንሰጥ ኖሮ 60 ይሆን ነበር። የወደድነውን መርጠን የጠላነውን አስገባን» ይላሉ። በሚቀጥለው ምርጫ ሦስተኛውን ሰው ይተዉታል። ሦስተኛውም ሰው ይህን አይቶ መወዳደሩን ይተዋል። በመጨረሻ ሁለት እጩ ብቻ ይቀራል።

ሞሪስ ዱቨርዤ የሚባሉ የፈረንሳይ ምሁር በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት ነገር ይኸው ነው። በአንድ ዙር ምርጫ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻ የሚያሸንፍበት ደንብ ሕዝቡን ወደ ሁለት ጎራ ይገፋል። ማንም ሰው ሦስተኛ ፓርቲ አትመሥርቱ ብሎ መከልከል አያስፈልገውም። ፍርሃት ብቻውን ሥራውን ይሠራል።

ይህ ደንብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘው እጩ ነው።

በአሜሪካ ነገሩ ይጠብቃል

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ብዛት አይመረጥም። አገሩ በ50 ግዛቶች የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ግዛት ወኪል መራጮች አሉት። ሕዝብ የበዛበት ግዛት ብዙ ወኪል አለው፤ ሕዝብ ያነሰበት ጥቂት አለው። ዋና ከተማይቱ ዋሽንግተንም ሦስት አላት። ሁሉም ሲደመር 538 ይሆናል። ፕሬዚዳንት ለመሆን ቢያንስ 270 ወኪል ማግኘት ያስፈልጋል።

ከ50ው ግዛቶች በ48ቱ ደንቡ «አሸናፊ ሁሉን ይወስዳል» የሚል ነው። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ በ2024 ምርጫ 54 ወኪሎች ነበሯት። በካሊፎርኒያ በአንድ ድምፅ የበለጠ እጩ 54ቱንም ይወስዳል። ሁለተኛ የወጣው ምንም አያገኝም። ሜይንና ነብራስካ የሚባሉት ሁለት ግዛቶች ብቻ ከፊሉን በየወረዳው ያካፍላሉ።

ማንም 270 ባያገኝስ? ያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ይሆናል። እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ብቻ ይኖረዋል። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ የሆነው በ1824 ምርጫ ነው። ምክር ቤቱ የሁለቱ ፓርቲዎች ሰዎች የሞሉበት ስለሆነ ሦስተኛ እጩ በዚያም በር ለመግባት ተስፋ የለውም።

በዚህ ደንብ የተነሣ ሌላም ቅሬታ ይመጣል። የምርጫው ውጤት አስቀድሞ በሚታወቅበት ግዛት የሚኖር ሰው ድምፁ ክብደት ያጣበታል። ዋሽንግተን ከተማ ለምሳሌ ፕሬዚዳንት መምረጥ ከጀመረችበት ከ1964 አንስቶ ሁልጊዜ ለዴሞክራት ፓርቲ ሰጥታለች። በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ዜግነት አግኝቶ በዋሽንግተን ከተማ የሚመርጥ ኢትዮጵያዊ ዴሞክራትን ቢመርጥም ሪፐብሊካንን ቢመርጥም የሦስቱ ወኪሎች መድረሻ አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነው። እጩዎቹም ደጁ መጥተው አይለምኑትም። በ2024 እጩዎቹ የተሯሯጡት በሰባት ግዛቶች ነበር። እነርሱም ፔንሲልቫንያ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ጆርጂያ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ አሪዞናና ኔቫዳ ናቸው።

የአሜሪካ ገበሬዎች ሦስተኛ ፓርቲ አቋቁመው ነበር

ይህ ቅሬታ አዲስ አይደለም። ከማንም በፊት አጥብቀው ካነሡት መካከል ገበሬዎች ይገኛሉ።

በ1880ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ ገበሬ ኑሮ ከብዶት ነበር። የጥጥና የስንዴ ዋጋ ወረደ። የባቡር ኩባንያዎች እህል ለማጓጓዝ የሚያስከፍሉት ገንዘብ ከበደ። የብድር ወለድ ናረ። በደቡብ ግዛቶች ነጋዴው ዘርና ቀለብ በዱቤ ይሰጥና አዝመራው ገና ሳይደርስ በእጁ ያደርገዋል። ገበሬው ለሁለቱ ፓርቲዎች አቤት ቢል የሚሰማው አጣ።

ስለዚህ ገበሬዎቹ የገበሬዎች ኅብረት የሚባሉ ማኅበሮች አቋቋሙ። እየተሰበሰቡ ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ብድርና ስለ ገበያ የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሯቸው። በሐምሌ ወር 1892 በነብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ ጉባኤ ተደርጎ የሕዝብ ፓርቲ ፕሮግራሙን አወጣ። ከጠየቁት መካከል እነዚህ ነበሩ፦

ብዙ ገቢ ያለው ብዙ ግብር ይክፈል።
ባቡሩ የመንግሥት ይሁን።
የላይኛው ምክር ቤት አባላት፣ ማለት ሴናተሮች፣ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጡ።
ገበሬው እህሉን በመንግሥት መጋዘን አስቀምጦ በእህሉ መያዣነት በአነስተኛ ወለድ ይበደር።

የፓርቲው እጩ ጄምስ ዊቨር በዚያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅና 22 ወኪል መራጮች አገኙ። ለአዲስ ፓርቲ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ለማሸነፍ ግን አልበቃም።

በ1896 የዴሞክራት ፓርቲ ከገበሬዎቹ ጥያቄዎች ዋናውን ወሰደ። ይኸውም ብር ከወርቅ ጋር ገንዘብ ሆኖ ይታተም የሚለው ነው። ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን የሚባሉትንም እጩ አደረገ። ያን ጊዜ የሕዝብ ፓርቲ አባላት ጭንቅ ውስጥ ገቡ። የራሳቸውን እጩ ቢያቀርቡ ድምፁ ይከፋፈላል። የዴሞክራቱን እጩ ቢደግፉ ፓርቲያቸው ይዋጣል። የዴሞክራቱን እጩ ደገፉ። ብራያን ተሸነፉ፤ የሕዝብ ፓርቲም ከዚያ በኋላ እየደከመ ጠፋ።

ነገር ግን ጥያቄያቸው ሁሉ አልጠፋም። በ1913 ሕገ መንግሥቱ ሁለት ጊዜ ተሻሻለ። በአንዱ የገቢ ግብር ተፈቀደ፤ በሌላው ሴናተሮች በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ተደረገ። ገበሬዎቹ የዘሩትን ሌሎች አጨዱት ማለት ይቻላል። ሦስተኛ ፓርቲ በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ ዕጣው ይኸው ነው። ሐሳቡ በትልልቆቹ ፓርቲዎች በር ይገባል፤ ፓርቲው ግን ውጪ ይቀራል።

19 ሚሊዮን ድምፅ፣ ባዶ እጅ

በ1992 ሮስ ፔሮ የሚባሉ የቴክሳስ ባለሀብት ከሁለቱም ፓርቲ ውጪ ሆነው ተወዳደሩ። የመንግሥት ዕዳ በዛ፤ ፋብሪካዎችም ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ነው እያሉ ተናገሩ። በሁለቱ ፓርቲዎች የተሰላቸ ሕዝብ ተከተላቸው። በሐምሌ ወር ከውድድሩ ወጡ፤ በጥቅምት ተመለሱ። እንዲያም ሆኖ ከ19 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጧቸው። ከ100 መራጭ ወደ 19 የሚሆነው ማለት ነው።

ስንት ወኪል መራጭ አገኙ? አንድም አላገኙም። ድምፃቸው በአገሩ ሁሉ ተበታትኖ ስለነበር በአንድም ግዛት አንደኛ አልወጡም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። ቢል ክሊንተን ከ100 ድምፅ 43 ብቻ አግኝተው 370 ወኪሎች ወሰዱና ፕሬዚዳንት ሆኑ።

537 ድምፅ

የ2000 ምርጫ ደግሞ ለሦስተኛ እጩ የሚሰጥ ድምፅ ምን እንደሚያስከትል አሳየ። የሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽና የዴሞክራቱ አል ጎር ተወዳደሩ። ሁሉም ነገር በፍሎሪዳ ግዛት ላይ ተንጠለጠለ። ወደ ስድስት ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ቡሽ የበለጡት በ537 ድምፅ ብቻ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ታኅሣሥ 12 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ድጋሚ ቆጠራውን አስቆመ። ቡሽ አሸነፉ። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ የበለጡት አል ጎር ነበሩ።

በዚያው በፍሎሪዳ የአረንጓዴ ፓርቲ እጩ ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። ብዙ ዴሞክራቶች፣ «ምርጫውን ያሳጣን ኔደር ነው» ብለው ተቆጡ። የኔደር ወገኖች ግን፣ «ድምፅ የመራጩ ነው እንጂ የፓርቲ ርስት አይደለም። ጎር ድምፃችንን ከፈለጉ ሠርተው ማግኘት ነበረባቸው» ብለው መለሱ።

ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር አለው። መራጩ ግን በመካከል ተያዘ። ልቡ የሚፈልገውን ቢመርጥ «አበላሸህ» ይባላል። የማይፈልገውን ቢመርጥ «ይኸው መርጠኸን የለም ወይ» ብለው በስሙ ይነግዱበታል።

እጩውን ማን ያቀርባል?

«እሺ፣ ሁለት ፓርቲ ብቻ ይሁን። ታዲያ ሁለቱ ስለ ምን የተወደደ ሰው አያቀርቡም?» ትሉ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ወደ ቅድመ ምርጫ ይወስደናል።

ዋናው ምርጫ በኅዳር ከመድረሱ ከወራት በፊት እያንዳንዱ ፓርቲ በየግዛቱ እጩውን ያስመርጣል። ወደዚህ ቅድመ ምርጫ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። የሚወጡትም ብዙዎቹ ለፓርቲያቸው አጥብቀው የሚቆረቆሩ ናቸው። በ2016 በሁለቱም ፓርቲ ቅድመ ምርጫ የተሳተፈው ሕዝብ ወደ 60 ሚሊዮን ነበር። ያም ድምፅ በብዙ ተወዳዳሪዎች መካከል ተከፋፈለ። ሂላሪ ክሊንተን ወደ 17 ሚሊዮን፣ ዶናልድ ትራምፕ ወደ 14 ሚሊዮን ድምፅ አግኝተው እጩ ሆኑ። በኅዳር ለዋናው ምርጫ የወጣው ግን ወደ 137 ሚሊዮን ሕዝብ ነው። እንግዲህ አስሉት። ሁለቱን እጩዎች የመረጠው 31 ሚሊዮን ሰው ነው። የቀረው ከ100 ሚሊዮን በላይ መራጭ በቅድመ ምርጫ ሁለቱን እጩዎች የመረጠ አልነበረም።

በ2024 ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የዴሞክራቱን ቅድመ ምርጫ ያሸነፉት የ81 ዓመቱ ፕሬዚዳንት ባይደን ነበሩ። ሰኔ 27 ቀን በተደረገው የቴሌቪዥን ክርክር ደክመው ታዩ። ሐምሌ 21 ቀን ከውድድሩ ወጡ። በምትካቸው ምክትላቸው ካማላ ሃሪስ በፓርቲው ተወካዮች ድምፅ እጩ ሆኑ። አንዳንዱ «በጊዜው ተስተካከለ» አለ። ሌላው «እኔ በቅድመ ምርጫ ያልመረጥኩት ሰው ቀረበልኝ» አለ።

ከሁለቱ ውጪ ሆኖ ለመቅረብ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ደንብ አለው። አንዱ ግዛት ጥቂት መቶ ፊርማ ይጠይቃል፤ ሌላው ከመቶ ሺህ በላይ ይጠይቃል። ከ2000 እስከ 2020 በነበሩት ምርጫዎች በትልቁ የቴሌቪዥን ክርክር ለመግባት በሕዝብ አስተያየት ጥናት ከ100 ሰው የ15ቱን ድጋፍ ማሳየት ግዴታ ነበር። የማይታይ ሰው ደግሞ ያን ያህል ድጋፍ ከየት ያመጣል?

ሁሉም ነገር በአንድ እስር

ሌላም የምሬት ምክንያት አለ። ሁለት ፓርቲ ብቻ ሲኖር እያንዳንዱ ፓርቲ ብዙ የማይገናኝ ነገር በአንድ ላይ አስሮ ያቀርባል። ሃይማኖት፣ ግብር፣ የጦር መሣሪያ፣ የውጭ ንግድ፣ የስደተኞች ጉዳይ፣ ጦርነት፣ ሁሉም በአንድ እስር ነው። መራጩ እስሩን ፈትቶ የሚፈልገውን ብቻ መውሰድ አይችልም።

ለምሳሌ በአዮዋ ግዛት አኩሪ አተር የሚያመርት ገበሬ እናስብ። በሃይማኖትና በቤተሰብ ጉዳይ ሐሳቡ ወደ ሪፐብሊካን ያደላል እንበል። በ2018 የትራምፕ መንግሥት በቻይና ዕቃ ላይ ቀረጥ ጣለ። ቻይናም በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ ከ100 እጅ 25 ቀረጥ ጣለች። የገበሬው ገበያ ተበላሸ። መንግሥት ለገበሬዎች እስከ 12 ቢሊዮን ዶላር ካሣ እሰጣለሁ አለ። ይህ ገበሬ ስለ ገበያው ብሎ ወደ ዴሞክራት ቢሄድ በእምነቱ ከማይስማማበት ነገር ጋር ይገጥማል። ባለበት ቢቆይ ገበያው ይጎዳበታል። በዴሞክራቱም በኩል እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ለዚህ ሰው «ደስ ብሎህ ምረጥ» ማለት ከንቱ ነው።

የተማረረ መራጭ ምን ያደርጋል?

የተማረሩት መራጮች አራት ዓይነት መንገድ ይይዛሉ።

1ኛ. ቤቱ ይቀመጣል። በ2016 መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ከ100 ወደ 60 የሚሆነው መረጠ። በ2020 ወደ 66 ከፍ አለ፤ ይህም ከመቶ ዓመት ወዲህ ያልታየ ነበር። በ2024 ወደ 64 ሆነ። እንግዲህ በጥሩው ዘመን እንኳ ከሦስት ሰው አንዱ አልመረጠም ማለት ነው። ሁሉም ተማርሮ ነው አይባልም። የታመመም፣ ከሥራ ፈቃድ ያጣም አለ።

2ኛ. የሚፈራውን ለመከልከል ሲል የማይወደውን ይመርጣል።

3ኛ. ሦስተኛ እጩ ይመርጣል። በ2016 ጋሪ ጆንሰን የሚባሉት እጩ ከ4 ሚሊዮን በላይ፣ ጂል ስታይን የሚባሉት ሴት እጩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አገኙ። በዚያው ምርጫ ትራምፕ ያሸነፉት በዊስኮንሲን፣ በሚሺጋንና በፔንሲልቫንያ ሲሆን፣ የሦስቱ ግዛቶች ልዩነት ተደምሮ 78 ሺህ ገደማ ነበር። በአገር አቀፍ ድምፅ ሂላሪ ክሊንተን በ2.8 ሚሊዮን በልጠው ሳለ ተሸነፉ።

4ኛ. «ማንንም አልፈልግም» ብሎ በወረቀት ያስመዘግባል። በኔቫዳ ግዛት ከ1976 ጀምሮ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ «ከእነዚህ እጩዎች ማንንም» የሚል ቦታ አለ። በ2016 ከ28 ሺህ በላይ የኔቫዳ ሰዎች ይህን መረጡ። በዚያ ግዛት ሂላሪ ክሊንተን ትራምፕን የበለጡት ወደ 27 ሺህ በሚሆን ድምፅ ነው። ማንንም ያልፈለገው ሰው ከልዩነቱ በለጠ ማለት ነው። በየካቲት 2024 በተደረገው የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ትራምፕ በወረቀቱ ላይ አልነበሩም። ኒኪ ሄሊ ተወዳደሩና «ማንንም» በሚለው ተሸነፉ። ነገር ግን ሕጉ «ማንንም» አንደኛ ቢወጣም ከሰዎቹ ብልጫ ያገኘው ያሸንፋል ይላል። እንግዲህ ቁጣው ይቆጠራል እንጂ ወንበር አይይዝም።

በዚያው ወር በሚሺጋን በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች «አልወሰንኩም» የሚለውን መረጡ። ዋናው ምክንያታቸው ባይደን በጋዛ ጦርነት ላይ የያዙት አቋም ነበር። በሪፐብሊካን በኩልም ኒኪ ሄሊ በመጋቢት ከውድድሩ ከወጡ በኋላ በሚያዝያ በፔንሲልቫንያ ከ100 መራጭ ወደ 16 የሚሆነው እርሳቸውን መረጠ። ቅሬታ በሁለቱም ቤት አለ። በመጨረሻ ትራምፕ ሰባቱንም ግዛቶች አሸንፈው 312 ወኪሎች አገኙ። ሃሪስ 226 አገኙ።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

አሜሪካውያን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1969 የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት የወኪል መራጮች ደንብ እንዲቀርና ፕሬዚዳንት በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጥ 338 ለ70 ወሰነ። በ1970 ግን በሴኔት ተሰናከለ። ሕገ መንግሥት ለማሻሻል በሁለቱም ምክር ቤቶች ከሦስት እጅ ሁለቱን፣ ከግዛቶችም ከአራት እጅ ሦስቱን ማስማማት ያስፈልጋል። ይህ ቀላል አይደለም።

ሌላው ሐሳብ በቅደም ተከተል መምረጥ ነው። መራጩ አንድ ሰው ብቻ አይመርጥም። «አንደኛ እገሌን፣ ሁለተኛ እገሌን» ብሎ ይጽፋል። ወደ መቶ አባላት ማኅበራችን እንመለስ። 40፣ 35 እና 25 ነበር። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ትንሹን ያገኘው ሦስተኛው ይወጣል። የእርሱ 25 ሰዎች ሁለተኛ ብለው የጻፉት ይታያል። ለሁለተኛው ሰው ይሄዳል። 35 እና 25 ሲደመር 60 ይሆናል። ሁለተኛው ሰው አሸነፈ። 25ቱ ሰዎች የወደዱትንም መረጡ፤ የጠሉትንም አላስገቡም።

የሜይን ግዛት ሕዝብ በ2016 ይህን ደንብ አጸደቀ፤ በ2020 ለፕሬዚዳንት ምርጫ ሠራበት። አላስካም በ2020 ተቀበለው። የሚቃወሙትም አሉ። «ለመራጩ ያደናግራል፤ ቆጠራውም ይዘገያል» ይላሉ። በኅዳር 2024 የኔቫዳ፣ የኦሬጎን፣ የኮሎራዶና የአይዳሆ መራጮች ተጠይቀው «አንፈልግም» አሉ። በአላስካም ይሰረዝ የሚለው ሐሳብ የወደቀው በጥቂት መቶ ድምፅ ልዩነት ብቻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። በሕመሙ የሚስማማ ሕዝብ በመድኃኒቱ ላይስማማ ይችላል። «ሁለቱንም አልወድም» የሚለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አንዱ ሦስተኛ ፓርቲ ሲል ወደ ግራ ያያል፤ ሌላው ወደ ቀኝ ያያል፤ ሌላው ደግሞ ወደ መሐል። ጥላቻው አንድ ቢሆንም ፍላጎቱ ልዩ ልዩ ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች ጸንተው የቆዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ማጠቃለያ

ምርጫ የሚጀምረው ኮሮጆው በቀረበበት ቀን ይመስላል። ሥራው ግን ቀደም ብሎ ያልቃል። ድምፁ የሚቆጠርበት ደንብ ሲወጣ አንድ ጊዜ ይወሰናል። እጩዎቹ ሲቀርቡ ሁለተኛ ጊዜ ይወሰናል። ሕዝቡ በሰልፍ ቆሞ ድምፅ ሲሰጥ ሦስተኛው ነው። የአሜሪካ መራጭ የሚማረረው ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ለሦስተኛው ብቻ ስለሆነ ነው። በ1892 የአሜሪካ ገበሬዎች ይህን ተረድተው ነበር። ስለዚህ ሰው ብቻ ሳይሆን ደንብም ይለወጥ ብለው ጠየቁ። የሴናተሮቹን ጥያቄ ለማየት 21 ዓመት ጠበቁ።

የማኅበር፣ የእድርም ሆነ የኅብረት ሥራ ምርጫ ሲደርስ እኛም ቀድመን መጠየቅ እንችላለን። ደንቡ ምን ይላል? እጩውን ማን አቀረበው? ከግማሽ በታች ያገኘ ሰው ያሸንፋልን?

የቃላት ፍቺ

እጩ ማለት ለመመረጥ የቀረበ ሰው ነው።
አብላጫ ድምፅ ማለት ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ነው፤ ከግማሽ በላይ ላይሆን ይችላል።
ወኪል መራጭ ማለት ሕዝቡን ወክሎ ፕሬዚዳንት የሚመርጥ ሰው ነው።
ቅድመ ምርጫ ማለት ፓርቲ እጩውን የሚለይበት ምርጫ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመቶ አባላት ማኅበር ምሳሌ 60 ሰዎች ያልመረጡት ሰው እንዴት አሸነፈ?
2. ሮስ ፔሮ ከ19 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው ስለ ምን አንድም ወኪል አላገኙም?
3. የማይወደውን መርጦ የሚፈራውን የሚከለክል ሰውና የወደደውን መርጦ የሚሸነፍ ሰው፣ የትኛው ትክክል ይመስላችኋል? ምክንያታችሁን ተናገሩ።
4. በማኅበራችሁ ምርጫ በቅደም ተከተል መምረጥ ቢሞከር ምን ይጠቅማል? ምንስ ያስቸግራል?